የጅብ ሽንኩርት ይዤ ዝም ያልኩ ዕለት

የጅብ ሽንኩርትን መጀመሪያ የቀረብኩት ለአበባው ብዬ ነው። አምቦ ተመድቤ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ፣ የአገሩን ልጅ አግብቼ አማቴ ቤት ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ቤታችን ከተማው አልቆ ጨፌው የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። በጋውን ከብት ሲግጠው የከረመው ሜዳ ሰኔ ሲገባ ውኃ ይቋጥርና ከጭቃው ውስጥ ነጭ አበባ ብቅ ብቅ ይላል፤ ቅጠሉ እንደ ባሮ ሽንኩርት የረዘመ፣ አበባው ሮዝ መስመር የተሰመረበት። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድ እንጂ ረግረግ አላውቅም። ደስ ብሎኝ አንድ እቅፍ ቀጠፍኩ፣ ሁለቱን ደግሞ ከነራሳቸው ነቀልኩና ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አማቴ ከገበያ ሲመለሱ ያንን አይተው ዘንቢላቸውን ከእጃቸው ጣሉ።

«አፍሽን ነክተሻል?» አሉኝ።

«አልነካሁም።»

«ዓይንሽንስ?»

መልሴን እንኳ አልጠበቁም። ውኃ በራሳቸው እጅ እያፈሰሱ በሳሙና አስታጠቡኝ፤ ከዚያ አበባውን ይዘው ወጡና ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ብርጭቆውንም አብረው ቀበሩት። አዲስ ብርጭቆ ነበር፣ የሰርጌ ስጦታ።

በኦሮምኛ «ቁሉቢ ወራቤሳ» ይባላል አሉኝ፤ የጅብ ሽንኩርት ማለት ነው። ለምን የጅብ እንደተባለ ብጠይቃቸው «ጅብ እንኳ ስለማይበላው ነው» አሉ። ጅብ የማይበላው ነገር ለምን የጅብ እንደሚባል እስከ ዛሬ አልገባኝም። ደግሜ ብጠይቅ ደግሞ ብርጭቆ የሚቀበርብኝ መሰለኝና ተውኩት።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ መርዝ ነው ብዬ እርፍ እል ነበር። በዚያው ሳምንት እራት ላይ ግን እኚሁ ብርጭቆ የቀበሩ ሴት ስለዚሁ ተክል ሲያወሩ ፊታቸው በራ። ልጅ ሆነው አባታቸውን እባብ ሲነድፋቸው በዚህ ነው የዳኑት። የበሬ ጫንቃ ቀንበር ሲልጠው፣ እብጠት አልፈርጥ ሲል፣ ቁስል ሲከርም፣ መድኃኒቱ እሱ ነበር። ከካቺሲ ወይ ከጊንጪ ተነስቶ ሐኪም ጋ መድረስ የእግር መንገድ በነበረበት ዘመን የዚህ አገር ሰው ሐኪሙ ጨፌው ነበር አሉኝ። የሽንኩርቱ ራስ ይቀጠቀጣል፣ በቅቤ ይታሻል፣ ቁስሉ ላይ ይታሰራል። ወደ አፍ ከሄደ ግን ሌላ ነው፤ አንጀት እስኪወጣ ያስመልሳል። አንድ የሰፈራቸው ሰው ለሆዱ ብሎ በአረቄ በጥብጦ ጠጥቶት ሳይነጋ ሞተ።

«ታዲያ አዮ፣ መድኃኒት ነው መርዝ?» አልኳቸው። አዮ የምላቸው ልጃቸው ስለሚላቸው ነው፤ እናቴ እንደማለት።

«አዎ» አሉኝና እንጀራቸውን ጠቀለሉ።

ትምህርት ቤት የባዮሎጂውን መምህር ጠየቅኩት። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ሰው በሞላበት፣ እጁን እያወናጨፈ ንጹሕ መርዝ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ነገር ቁስል ላይ ማድረግ ድንቁርና መሆኑን አስረዳኝ። ተደሰትኩ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ቁርጡን ነገረኝ። ክፍለ ጊዜው አልቆ ስወጣ ኮሪደር ላይ ደረሰብኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሚ እስቲ፣ ለኪንታሮት ግን ያደርጋል ይባላል፤ አማትሽ የሚያውቁት ነገር ይኖራል?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቅኩም።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው ሰኔ ነው። አዮ ስኳር ነበረባቸው። እሾህ ወጋቸው፤ የግራ እግራቸው ጣት ሥር። እንደዋዛ የተያዘው ቁስል መግል ያዘ፣ እግሩ አበጠ፣ እያደር ጠቆረ። ጤና ጣቢያ ያየቻቸው ነርስ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሆስፒታል ውሰዷቸው አለችን። አዮ እምቢ አሉ። ስኳር ያለበት ሰው በእግሩ ገብቶ በክራንች እንደሚወጣ ሰምተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ምክር አይገባቸውም።

«በሁለት እግሬ የመጣሁባትን ምድር በሁለት እግሬ ነው የምሰናበታት» አሉኝ።

ባለቤቴ የሚሠራው ባኮ ነው፤ የሚመጣውም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ። ስደውልለት «አሳምኛት እንጂ» ይለኛል። «እናትህን አንተ አሳምን» እለዋለሁ። ስልኩን ለእሳቸው አቀብላለሁ፣ እሳቸው ስለ በቆሎው ይጠይቁታል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቁታል፣ ደህና ነኝ ይሉና ይዘጉታል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች መጥተው ጸለዩላቸው፤ ሲጨርሱ ሆስፒታል ይሂዱ ብለው መከሯቸው። ለጸሎቱ አሜን አሉ፣ ለሆስፒታሉ ዝም። እኔ ማርያም የምል ሰው ነኝ፤ እኔም በበኩሌ ተሳልኩ። እግሩ ግን መጥቆሩን አልተወም። ቤቱ መሽተት ጀመረ። ፈራሁ፤ ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ። እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ ሁለተኛ እናት አግኝቼ ሁለተኛ ልቀብር ነው እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እንባዬ ይመጣ ነበር።

ያኔ ነው አንዲት የካቺሲ ሰው ጎረቤታችን የገባችበት። ከጊንደበረት፣ ከካቺሲ ተነስታ አምቦ ከገባች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ጉልበቷ ታሞ በዱላ ትሄዳለች፤ ምላሷ ግን አልታመመም። አንቱ ስላት «አሮጊት አታድርጊኝ» ብላ ከልክላኛለች። አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታ እግሩን አየች፣ አሸተተች፣ ከአዮ ጋር በኦሮምኛ ሹክሹክ አሉ። ከዚያ አዮ ጠሩኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ነገር አለ ማለት ነው። «የጨፌውን ታስሪልኛለሽ። ሳምንት ይቆይ። እምቢ ካለ ወደፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።»

ሳምንት! በዚያ እግር ሳምንት እንደማይቆይ አውቃለሁ። ግን «ውሰዱኝ» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። እሺ አልኩ። ጎረቤታችን ደንቡን ነገረችኝ። ነቃዩ ብቻውን ነው መሄድ ያለበት። ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀመስ። ብረት አይነካውም፤ በእንጨት ነው የሚቆፈረው። ወደ ኋላ አይዞሩም። ከሁሉ በላይ ግን ከአልጋ ከተነሱ ጀምሮ መድኃኒቱ እግሩ ላይ እስኪታሰር ድረስ ቃል አይተነፈስም። አንድ ቃል ከወጣ ይከሽፋል።

«ሰው ሰላም ቢለኝስ?»

«አትመልሺም።»

«ምን ይሉኛል?»

«ይበሉሽ።»

እዚህ አገር ሰላምታ አለመመለስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አምቦ ሰው ተጣልቶ እንኳ «አከም ቡልቴ» ይባባላል፤ እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ተባብሎ ነው ወደ ጠቡ የሚገባው። እኔ ግን ሌላ ሒሳብ ነበረኝ። መድኃኒቱ ያድናል ብዬ አይደለም። ደንቡን ከጣስኩ አዮ «ከሽፏል፣ አይቆጠርም» ብለው ቃላቸውን ያጥፋሉ። ስለዚህ አንድም ሰበብ ላልሰጣቸው ወሰንኩ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ቢያንስ ያሰብኩት ይመስለኛል። ጨለማ ውስጥ ስነሳ ግን ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው አልነበርኩም፤ ይከሽፋል ብዬ ከልቤ ነበር የፈራሁት።

መብራት ጠፍቷል። በዳበሳ ነጠላዬን ከሚስማሩ ላይ አውርጄ ተከናነብኩ፣ የእንጨት ችካሌን ይዤ ወጣሁ። ካፊያ ነበር። ጨፌው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጥሜ ቆፈርኩ፤ የሽንኩርቱ ራስ ጥልቅ ውስጥ ነው፣ ከጡጫ ይተልቃል፣ ቡናማ ልጣጭ ለብሶ። ስስበው አንደኛው ተሰንጥቆ ፈሳሹ በእጄ ላይ ፈሰሰ፤ ወዲያው ማሳከክ ጀመረ። ዝናቡ ፊቴ ላይ ሲወርድ ሳላስበው በዚያው እጄ ዓይኔን ጠረግኩ።

እግዜር ያሳያችሁ። እሪ እንዳልል ቃል አይተነፈስም። ከንፈሬን ነክሼ፣ ዓይኔ ደም መስሎ፣ እንባዬ እየጎረፈ፣ ሁለት የጅብ ሽንኩርት በነጠላዬ ሥር ታቅፌ ወደ ቤት ተመለስኩ።

መጀመሪያ ያገኙኝ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚሄዱ ሴቶች ናቸው። «አከም ቡልቴ?» አሉኝ። ዝም። ደገሙት። ዝም። ሸክማቸውን እንደያዙ ቆመው ሲያዩኝ ይታወቀኛል፤ መዞር ክልክል ነውና አላየኋቸውም። ቀጥሎ ትንሿ ድልድይ ላይ የዕድራችንን ዳኛ አገኘሁ። ኦቦ ነው የምንላቸው፣ አቶ እንደማለት፤ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ። በዚህ ማለዳ ምን እንደሚሠሩ እግዜር ይወቅ።

«አከም ቡልቴ፣ መምህርት?»

መናገር አልችልም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ፊቴን አዩ። ነጠላዬን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«መቼ ነው?» አሉኝ በቀስታ።

አሁንም ራሴን ነቀነቅኩ።

«ሌሊቱን ነው?»

ሰውየው ምን እያሉ እንደሆነ አልገባኝም። ዓይኔ ይቃጠላል፣ ቤት መድረስ ብቻ ነው የምፈልገው። አልፌያቸው ሮጥኩ።

ቤት ስገባ ጎረቤታችን ድንጋዩን አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች። ሽንኩርቱን ተቀብላ መቀጥቀጥ ስትጀምር ቀና ብላ አየችኝና አፏን ከፍታ ቀረች። በጣቷ ነጠላዬን ጠቆመች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቴ ሥር ነው ያለው። ጨለማ ውስጥ ዘቅዝቄ ነበር የለበስኩት፤ ሰው የሞተበት ሰው እንደሚለብሰው።

ይህ ሁሉ ገና በጭንቅላቴ ሳይደራጅ የዕድሩ ጡሩምባ ተነፋ።

አዮ ከውስጥ ክፍል ነቁ። «ኤኙቱ ዱኤ?» አሉ፤ ማን ሞተ? እኔ መናገር አልችልም። ጎረቤታችን በኦሮምኛ አልሰማሁም ብላ ዋሸቻቸውና ቅጥቀጣውን አፈጠነች። አዮ በዕድር ነገር ቀልድ አያውቁም፤ ለቅሶ ቀርተው አያውቁም። በዚያ እግራቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሻሻቸውን ማሰር፣ ነጠላቸውን መፈለግ ጀመሩ። «ደግፊኝና እንሂድ» አሉኝ። ሰው ለራሱ ለቅሶ ሲሰናዳ አይቼ አላውቅም። ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ አላውቅም፤ አፌን በእጄ ልይዝ አልኩና እጄ መርዝ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ጩኸቱ በአጥሩ በኩል መጣ። «ዋዮ! ዋዮ!» እያሉ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ግቢው ውስጥ ገቡ፤ ከኋላ ጎረምሶች የድንኳን ቋሚና ቃሬዛ ተሸክመዋል። በሩ ላይ ቆሜ እጄን አወዛወዝኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ተመለሱ አልኩ በዓይኔ። ምራቲቱን ሐዘን አናወዛት ብላ አንዷ አቅፋኝ ጮኸች። ጆሮዬ ሥር በኦሮምኛ ረጅም ነገር እያወረደች አለቀሰች፤ ኦሮምኛዬ ያኔ የገበያ ነበር፣ አንድ ሁለት ቃል እንጂ አልያዝኩም። አንዲት ቃል ብናገር ሁሉም ነገር ይቆማል። አላደረግኩትም። ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ የሚለቀስላቸው ሴት ከጀርባዬ ነጠላ እየፈለጉ፣ እኔ በማላምንበት መድኃኒት ምክንያት ዝም አልኩ።

ኦቦ አልፈውኝ ወደ ውስጥ ገቡና ባርኔጣቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። አዮ አልጋቸው ላይ፣ ሻሻቸውን አስረው፣ አንድ እግራቸውን ለጎረቤታችን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የገቡት ሴቶች ደረታቸውን የሚመቱበትን እጅ አወረዱ።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ አዮ።

ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ፤ ኦቦን፣ ሴቶቹን፣ የኔን የተዘቀዘቀ ነጠላ።

«እኔ ነኝ እንዴ?»

በዚህ መሀል ጎረቤታችን ጨርቁን ቋጥራ ጨረሰች። «አሁን ተናገሪ!» አለችኝ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ያንን ሁሉ ያመቅኩት ነገር በአንድ ጊዜ ሊወጣ ሲል ከአፌ የወጣው «ሽንኩርት ነው! ዓይኔን ሽንኩርት ነው!» የሚል ነበር።

መጀመሪያ የሳቁት ጎረምሶቹ ናቸው። ከዚያ ሴቶቹ፤ አንዷ እየሳቀች መሬት ላይ ቁጭ አለችና እውነተኛ ለቅሶ አለቀሰች። ኦቦ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። አዮ ብቻ አልሳቁም። የሆነ ነገር ጆሮው ውስጥ እንደቀረበት ሰው ወደ በሩ አዩና «ቃሬዛ ይዛችኋል?» አሉ።

«ይዘናል» አሉ ጎረምሶቹ አፍረው።

«እንግዲህ ባዶውን አይመለስም። አስፋልቱ ድረስ አድርሱኝና በባጃጅ ሆስፒታል እሄዳለሁ።»

እኔ ነኝ የተቃወምኩት፤ ይታያችሁ! «አዮ፣ ሳምንት ይቆይ ብለው አልነበር?» አልኩ። መልስ አልሰጡኝም። ቀባሪ ሆኖ የመጣው ሰው ሁሉ ተሸክሟቸው ወጣ። በሰኔ ጭቃ ባጃጅ እኛ ሰፈር አይገባም፤ አስፋልቱ ድረስ ያለውን መንገድ ሰው እየተፈራረቀ ያዘ። ጡሩምባውን ሰምተው ዘግይተው የሚመጡ ሰዎች ቃሬዛውን ሲያዩ ባርኔጣ ያወልቃሉ፤ አዮ ከላይ ሆነው «አከም ቡልተን» ይሏቸዋል። አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን ጥላ ሮጠች።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ጨርቁን ፈትቶ የተቀጠቀጠውን ነገር አየና «ምንድን ነው ያደረጋችሁበት?» አለ። ጎረቤታችን ስሙ ከተጠራ ይረክሳል ብላኛለች። አዮ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተከሉ። እኔ ተናገርኩ፤ ስሙን በሁለት ቋንቋ፣ መርዝነቱን፣ ወደ አፍ እንዳልገባ ሁሉ። ሐኪሙ ስሙን ሰምቶት አያውቅም። አጥቦ አነሳው። ብዙ ቀን ተኙ፤ ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ፣ እግራቸው ተረፈ።

ከዚያማ ሁሉም የየራሱን አለ። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ እግሩም ሴትዮዋም አይኖሩም ነበር አለን። ጎረቤታችን መድኃኒቷ መርዙን ወደ ታች ስቦ ጣቶቹ ላይ እንዳቆመው፣ እኔ ስሙን ባልጠራ ደግሞ ጣቶቹም ይተርፉ እንደነበር ነገረችኝ፤ እስከ ዛሬም አልማረችኝም። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ጸሎታችን ተሰማ አሉ። አዮ ጉባኤ ፊት ቆመው ሲመሰክሩ እግዚአብሔርንም፣ ሐኪሙንም፣ «በቁሜ ያለቀሱልኝንም» አመሰገኑ፤ ስለ ጨፌው ምንም አላነሱም፣ መድኃኒት ከተመሰገነ ይረክሳል ይባላልና። እኔ የትኛው እንዳዳናቸው አላውቅም። ሁሉም እርግጠኛ ነው፣ ከእኔ በቀር።

ያን ዕለት ለምን ሐሳባቸውን እንደለወጡ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ጓሮ ቁጭ ብለን ጎመን እየቀነጠስን «ያቺ አቅፋሽ የጮኸችው ሴትዮ ምን እያለች እንደነበር ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።

«የተማረች ምራት ይዛ፣ ሆስፒታል ደጃፍ ሳትደርስ፣ ቤት ውስጥ በስብሳ ሞተች፤ ባዕድ ምን ገዶት፣ ነው ያለችው። እላይሽ ላይ ተንጠልጥላ ነው እንዲህ ያለችው። አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ ታቅፊያታለሽ።» ጎመኑን ወደ ሳህኑ ወረወሩት። «ለእግሬማ አልሄድም ነበር። እኔ ስሞት አንቺን እንዲህ ሊሉሽ እንደሆነ ሰማሁ፤ ተነሳሁ።»

ጎመኑን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ባዕድ ሆኜ የገባሁበት ቤት ውስጥ እንዲህ የወደደኝ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር።

የዚያ ማለዳ ታሪክ የሰፈሩ ቀልድ ሆኖ ቀረ። ኦቦ ባገኙኝ ቁጥር «ዛሬ አፍ አለሽ?» ይሉኛል። ጎረቤታችን ደግሞ ጉልበቷ ስለከዳት፣ እኔም አንዴ እጄን አስገብቻለሁና፣ ሰኔ በመጣ ቁጥር ለአንዱ እብጠት፣ ለሌላው በሬ እኔን ትልከኛለች። አላምንበትም እላታለሁ፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ችካሌን ይዤ ጨፌው ውስጥ ነኝ። የባዮሎጂው መምህርም አንድ ክረምት ወረፋ ይዟል። ሰፈሩ ለመደኝ። በዚያ ሰዓት ነጠላ ተከናንቤ ዝም ብዬ ስሄድ ያየ ሰው ሰላም አይለኝም፤ መድኃኒቱን እንዳያከሽፍብኝ መንገድ ይለቅልኛል።

አዮ ያረፉት ባለፈው ሰኔ ነው። እግራቸው አይደለም፤ ተኝተው አልነቁም። ባለቤቴ ቤት ነበር። ከመሞታቸው በፊት ደጋግመው የነገሩን አንድ ነገር ነበር፤ «እንዳይጮህብኝ። አንዴ ተጩሆልኛል፣ ይበቃኛል።» ስለዚህ ባለቤቴ ሄደሽ ለኦቦ በቀስታ ንገሪያቸው፣ ጡሩምባም አይነፋ አለኝ። ነጠላዬን አውቄ ዘቀዘቅኩ። ወጣሁ።

ጎህ እየቀደደ ነው። እንባዬ ይወርዳል፤ በዚህኛው ቀን ዓይኔን የነካው ነገር የለም። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች አየሁ። አንዷ አፏን ልትከፍት ስትል ሌላዋ ክንዷን ይዛ ከመንገዱ ሳበቻት፣ አንገታቸውን ደፍተው አሳለፉኝ። ልጠራቸው ፈለግኩ፣ ግን አልፌያቸው ሄድኩ።

ድልድዩ ላይ ኦቦ ነበሩ። አርጅተዋል፤ በዱላ ነው የሚቆሙት። አዩኝ፤ ነጠላዬን፣ ፊቴን፣ ሁሉንም። ባርኔጣቸውን አላወለቁም። ፈገግ አሉና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ለእኔ መንገድ ሊለቁ ጭቃው ውስጥ ወረዱ።

ፊታቸው ቆምኩ። «አዮ…» አልኩ።

«ዝም!» አሉኝ እጃቸውን አንስተው። «አትናገሪ ልጄ፣ ይከሽፍብሻል። ሂጂ፣ ሂጂ።»

ሄድኩ። ቃሉን ካላወጣሁት አዮ ገና አልሞቱም የሚል ነገር ያዘኝ። ጨፌው ዳር ደርሼ ቆምኩ፤ አበባው ወጥቷል። ባዶ እጄን ቤት እስክመለስ ድረስ አንድም ሰው አላናገረኝም።